ለሦስት ሰው የተቆረጠ መመለሻ፦ ከሊንደበርግ እስከ አልፕስ ተራራ

ከተመለስኩ ጀምሮ የማኅበራችን ሴቶች ባገኙኝ ቁጥር ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። አንደኛው "አልፕስ እንዴት ነው?" የሚል ነው። ሁለተኛውን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚሉት፤ "ሜሮንስ?" ይሉኛል። ኦስሎ፣ ሊንደበርግ ጣቢያ ቆሜ ለአንዷ ስተርክ ባቡር አመለጠኝ፤ ፉሩሴት ገበያ አዳራሽ ውስጥ ለሌላዋ ስተርክ የገዛሁት በረዶ የሆነ ዓሣ ቀለጠ። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው አልኩ። ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው የማውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሜሮን ኦስሎ ተወልዳ ያደገች ናት። ነርስነት ትማር ነበር። የገና በዓል እንዳለፈ ትምህርቷን አቋርጣ ኦስትሪያ ሄደች። ብርዱን ወራት አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ውስጥ ስትሠራ ቆየች፣ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ተራራ ላይ ወዳለ ሂተ ወጣሁ አለችኝ። ኖርዌይ ውስጥ ሂተ ማለት ጫካ መሃል ያለች ትንሽ የእንጨት ቤት ናት። ሴት ልጅ ብቻዋን፣ ተራራ ላይ፣ በእንጨት ቤት። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

በየእሑዱ እደውልላታለሁ። "ምን ሠራሽ?" ስላት ትነግረኛለች። "አየሩ እንዴት ነው?" ስላት ትነግረኛለች። "በልተሻል?" ስላት ግን ዝም። "ሞቆሽ ታድሪያለሽ?" ዝም። "ደስ ብሎሻል?" ስላትም ዝም፤ መስመሩ ብቻ ሽሽሽ ይላል። እናት የሆነች ሁሉ ይህ ዝምታ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ልጄ እየተሰቃየች ነው፣ አፍ አውጥታ መናገር አፍራለች ብዬ ደመደምኩ። ትምህርት ቤቱ ቦታዋን እስከ በጋው መጨረሻ ይይዝላታል፤ ሄጄ አመጣታለሁ አልኩ።

አብሮኝ የሄደው ሰው አብርሀት ናት። ሃውገሩድ ነው የምትኖረው። የከረን ልጅ፣ ካቶሊክ፣ አማርኛዋን አዲስ አበባ ሱቅ ስትሠራ የተማረች፣ ኦስሎ ሆስፒታል ስታጸዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። እኔ ባርነሃገ፣ ማለት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ምግብ እሠራለሁ። እኔ የምፈራውን ሁሉ እሷ አትፈራም፤ ይዣት የሄድኩትም ለዚሁ ነው። ትኬቱን በኢንተርኔት ያዘዘልን ልጇ ነው። መሄጃ ለሁለት፣ መመለሻ ለሦስት አልኩት።

አብርሀት ይህን ስትሰማ፣ "ልጅቷን እንደ ሻንጣ ልታስጭኛት ነው?" አለችኝ።

"ትመጣለች።"

"ጠየቅሻት?"

"ስደርስ እጠይቃታለሁ።"

"በይ አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። በር ላይ እንዳትጠይቂያት። መጀመሪያ ተቀመጪ፣ የሰጠችሽን ብዪ፣ ከዚያ ትጠይቂያለሽ።"

ቃል ገባሁ።

ረቡዕ

በጠዋት ተነሣን። ሻንጣ ይጠፋል ስለሚባል ዕቃዬን ሁሉ በእጄ ነው የያዝኩት። አውሮፕላን ጣቢያ ፍተሻ ላይ የሽሮውን ከረጢት አወጡት። ጓንት ያደረገ ወጣት ከፍቶ አየው፣ አሸተተው፣ ለጓደኛው አሳየው። በርበሬውን ሲከፍት ግን ሳይጠነቀቅ አፍንጫውን አስጠጋና ማስነጠስ ጀመረ። ማቆም አቃተው። አብርሀት "በሽሮ ልታሳስሪኝ ነው" ትለኛለች በጎን። በመጨረሻ እንባውን እየጠረገ "መልካም ጉዞ" ብሎ ለቀቀን።

ሙኒክ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በባቡር ወደ ኢንስብሩክ። ከባቡሩ ስንወርድ ጣቢያው ሁሉ ቢጫ ለብሷል። የአገሩ በዓል መሰለኝ። አብርሀት ጆሮዋን አቁማ አዳመጠችና "ስዊድኖች ናቸው" አለች። ለካ የአውሮፓ እግር ኳስ ውድድር እዚያ ነው። ስዊድንኛና ኖርዌይኛ እንደ ጎንደርና እንደ ሸዋ ንግግር ይቀራረባል፤ ጀርመንኛ ባናውቅም በዚያች ከተማ የሚሰማን ሰው ሞልቶ ነበር። ፊቱን ቢጫና ሰማያዊ የተቀባ አንድ ግዙፍ ሰው የሁለታችንንም ቦርሳ ተሸክሞ አውቶቡሱ ድረስ አደረሰን። ዛሬ እናሸንፋለን አለን። ኋላ መሸነፋቸውን ስሰማ ለእሱ አዘንኩ።

አውቶቡሱ ሸለቆውን ይዞ ወጣ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ የጣርማ በርን ገደል በልጅነቴ በጭነት መኪና ወርጃለሁ። ያኔ አልፈራሁም ነበር፤ ልጅ ስላልነበረኝ ይሆናል። እዚህ በየመታጠፊያው ሹፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አብርሀት በመስኮት እያየች ትነግረኛለች፤ "አሁን ላሞች አለፉ። አሁን ፏፏቴ። አሁን ምንም የለም፣ ገደል ብቻ ነው፣ እንዳትገልጪ።"

ያረፍንበት ቤት ሜሮን ያስያዘችልን፣ ብርዱን ወራት የሠራችበት ማረፊያ ነው። ባለቤቷ ሬዚ ትባላለች፤ በእኛ ዕድሜ ያለች፣ ቁመተ ረጅም፣ ሽርጥ የማይለያት ሴት። በር ላይ "ሜሮን! ሜሮን!" እያለች ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ። መልካችን ይመሳሰላል ማለቷ ነው መሰለኝ። ቦርሳችንን ነጥቃን ይዛ ወጣች፤ አልጋው ላይ የላባ ብርድ ልብስ፣ ትራሱ ላይ ቸኮሌት። ኦስሎ ጎረቤቴን ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ እዚህ ቦርሳዬን ሳላወርድ ታቀፍኩ።

ችግሩ እራት ላይ መጣ። ቺዝ የተሞላ የሊጥ ድብልብል በቅቤ ተነክሮ ቀረበ። የሰኔ ጾም ገብቷል። በኖርዌይኛ "ያለ ወተት" ስላት ቃሉ ከጀርመንኛው ይቀራረባልና ገባት። "ያለ ቅቤ" ስላት ገባት። እንቁላሉን፣ ሥጋውንም ጨምሬ ጭንቅላቴን ስነቀንቅ ግን ፊቷ ተለወጠ፤ ለታመመ ሰው እንደሚታየው አየችኝ። ድንችና ሽንኩርት በዘይት ጠብሳ አመጣችልኝ። የእኔን ድርሻ ድብልብል ጾሙ የማይመለከታት አብርሀት በላችው።

ከእራት በኋላ ሬዚ ካርታ ዘርግታ የነገውን መንገድ ታስረዳን ጀመር። ቃሉን ባንይዝም እየሰማናት መሆኑን ማሳየት አለብን፤ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። ስለዚህ እሷ አረፍ ባለች ቁጥር እኔም አብርሀትም እንደ ወጋችን ትንፋሻችንን ሳብ እያደረግን "እህ" እንላለን። ጣቷ ካርታው ላይ ቆመ። እኔን አየች፣ አብርሀትን አየች። ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች። ውኃ አመጣች። አንድ ነገር ጠየቀችን፤ ትኅትና ይሁን ብለን ሁለታችንም "እህ" አልን። ጭራሽ ደነገጠች።

አልጋ ላይ ስንወጣ አብርሀት፣ "ምን ዓይነት ሩኅሩኅ ሴት ናት፣ ሙቀት እንዳይሰማን እንኳ አሰበች" አለች።

ሐሙስ

ጫማችንን አስረን ስንወርድ ሬዚ በሩ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማለች። አታሳልፈንም። ወንበር ላይ አስቀመጠችን፣ ስልክ አነሣች። ቆማ ስታወራ ሁለት ቃል ሰማሁ። አንዱ "ልጅ" የሚለው ነው፤ ጀርመንኛው ከኖርዌይኛው ይመሳሰላል። ሌላው "ልብ" የሚለው ነው፤ እሱም ይመሳሰላል። ልጅ። ልብ። ሬዚ ደግሞ እኔን እኔን እያየች ነው የምታወራው።

"ሜሮንን አንድ ነገር አገኛት" አልኩ።

"ምን አገኛት?" አለች አብርሀት።

"ልቧን! አልሰማሽም? ልብ አለች እኮ።"

አብርሀት እንኳ ደንግጣ አማተበች። አብርሀት ስትፈራ አይቼ አላውቅም።

ትንሽ ቆይቶ አንድ አዛውንት ቦርሳ ይዘው ገቡ። ሐኪም ናቸው። ልጄ ጋ ይሄዳሉ ስል እኔ አጠገብ ተቀመጡና እጄን ያዙ። አሁንማ ሊያረዱኝ ነው አልኩ፤ መጥፎ ወሬ የሚነግር ሰው እጅ ይይዛል። እሳቸው ቀስ እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔ "ንገሩኝ፣ እችላለሁ" ለማለት ትንፋሼን እስባለሁ። እሳቸው ወደ ሬዚ ዞረው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደረቴ ላይ መሣሪያቸውን አደረጉ። ልቤ እንዴት ይመታ እንደነበር እሳቸው ያውቃሉ። ያለኝ እንግሊዝኛ አምስት ቃል አይሞላም፤ ከዚያ ውስጥ "ልጄስ?" የሚለው አልነበረበትም።

እንዲህ ሆነን ረጅም ጊዜ ተቀመጥን። ሬዚ ሻይ ትቀዳለች፣ ሐኪሙ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እኔ ከዳዊት የማውቀውን ያህል በልቤ እላለሁ። ድንገት በመስኮቱ በኩል ከጫካው ውስጥ የሚሮጥ ሰው አየሁ። ሽርጡን እንኳ አላወለቀም፣ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሜሮን ናት።

በሩን በርግዳ ገባች። "ማማ! ምን ሆንሽ?"

"አንቺ ምን ሆንሽ?"

"እኔ ምንም!"

"እኔም ምንም!"

"ልቧ ታሟል፣ መተንፈስ አቅቷታል ብለው እኮ ነው የደወሉልኝ! ያን ሁሉ ቁልቁለት በሩጫ ነው የወረድኩት።"

ሜሮን በጀርመንኛ ሬዚንና ሐኪሙን ታነጋግር ጀመር። ልጄ እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ የሌላ ሰው ልጅ መሰለችኝ። ሐኪሙ ሊያስረዷት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ልክ እንደኔ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። "እህ።" ደገሙት። ሜሮን አፏን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ሳቅ ጀመረች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"ማማ፣ እትዬ አብርሀት፣ ትናንት እንዲህ ስትሉ ነው ያመሻችሁት?"

"ታዲያ ሰው ሲያወራ ምን ይባላል?" አለች አብርሀት።

ለካ በዚያ አገር እንዲህ የሚተነፍስ የታመመ ሰው ብቻ ነው። እኔ ስንት ዓመት ኦስሎ ኖሬ ይህን ያላወቅሁት ኖርዌጂያኖችም ትንፋሻቸውን ሳብ አድርገው "ያ" ስለሚሉ ነው። ጎረቤቴ ኖርዌጂያኗ እሷም ትስባለች፣ እኔም እስባለሁ፤ ተግባብተን እንለያያለን። የሁለት አገር ልማድ መሆኑን ረስቼው፣ የዓለም ሰው ሁሉ የሚያደርገው መስሎኝ ነበር።

ሜሮን ሁሉንም ተረጎመችላቸው። ሐኪሙ ግን ከፍታው ያሰጋቸዋል። "እናቴ ያደገችበት ከተማ ከሂተው በላይ ነው" አለቻቸው። ሐኪሙ ይህ እውነት እንደሆነ ሲጠይቁኝ እኔ ረስቼ ትንፋሼን ሳብኩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸውም ሊሞክሩት ብለው ትን አላቸው፤ ውኃ የቀዳንላቸው እኛ ነን።

የዚያን ቀን ሜሮን ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም። ከእኛ ጋር አደረች። ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አብርሀት በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ዓርብ

ቦርሳችንን ዕቃ ወደ ተራራው በሚስብ፣ በገመድ በሚንጠለጠል ሳጥን ላይ ጭነን በእግር ወጣን። መንገዱ ላይ በየጥቂት ርቀቱ ትንሽ ጣሪያ ያለው መስቀል ቆሟል። አብርሀት ደስታዋ ወሰን አጣ። በየመስቀሉ ሥር ትቆምና ታማትባለች፤ እኔ ለጸሎት ነው እላለሁ፣ እሷ ለማረፍም ነው ትላለች። የሚያልፈን ሰው ሁሉ "ግሩስ ጎት" ይለናል። ምን ማለት ነው ስላት ሜሮን፣ "እግዚአብሔር ሰላም ይበላችሁ ማለት ነው" አለችኝ። ለማያውቁት ሰው፣ በመንገድ ላይ፣ በእግዚአብሔር ስም። በኛ በኦስሎው የከተማ ባቡር፣ በቲባነ ውስጥ ሰው አጠገብህ ላለመቀመጥ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ቀድሜ የምለው እኔ ሆንኩ።

ከጫካው በላይ ገና ያልቀለጠ በረዶ መንገዱን አቋርጦታል። አብርሀት የተጫማችው የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን ነበር፤ ምቹ ነው ብላ። ሜሮን የራሷን የእግር ሹራብ አውልቃ ከጫማዋ ውጭ አጠለቀችላትና እንዳትንሸራተት እጇን ይዛ አሻገረቻት። እኔ ከኋላ ሆኜ የልጄን እርምጃ አየሁ። በቤት ውስጥ ዕቃ ሳትመታ የማታልፍ ልጅ እዚያ ድንጋይ ለድንጋይ እንደ ፍየል ትሄዳለች።

ሂተው ስንደርስ ቆሜ ቀረሁ። ባለሦስት ፎቅ ትልቅ የድንጋይ ቤት ነው! መዓት ሰው ከደጅ ፀሐይ ይሞቃል። እኔ ስንት ሌሊት በሐሳቤ በእንጨት ጎጆ ውስጥ ከተኩላ ጋር ሳሳድራት!

ወጥ ቤቱን የሚመራው አንድ ጢማም ሰው ነው። ሽሮ ማምጣቴን ሰምቶ እንድሠራለት ለመነኝ፤ ሠራሁ። ዞር ስል ለእኔ ክብር ብሎ፣ እንዲለሰልስልኝ አስቦ፣ አንድ ዕቃ ሙሉ የወተት ቅባት ገለበጠበት። ደስ ብሎት በጭልፋ እያማሰለ ሲያሳየኝ ምን እላለሁ? አብርሀት ቀመሰችና፣ "ሽሮሽ ካቶሊክ ሆነ፤ በቃ የኔ ነው" ብላ ሣህኑን ሳበች። እኔ ዳቦና ምስር በላሁ። ጢማሙ ሰው ነገሩ በኋላ ሲገባው ቀይ ሆነ፤ በማግስቱ ለእኔ ብቻ በዘይት የተጠበሰ ድንች በልብ ቅርጽ ደርድሮ አመጣ። በታመመ ልቤ መቀለዱ ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት ሜሮን የእንግዶቹን አንሶላ አጥባ ደጅ ላይ አሰጣች። ከምሳ በኋላ ሲደርቅ ላጣጥፍ ሄድኩ። አብርሀት አግዳሚ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። እኔና ሜሮን የአንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘን እንጎትታለን፣ እንጠጋለን፣ እናጥፋለን፣ ሌላ እናነሣለን። ልጅ ሳለች ሊንደበርግ ቤታችን እንዲህ እናደርግ ነበር፤ ያኔ እየሳበች ትጥለኝ ነበር። በዚያች ሰዓት ደጋግሜ ያጠናሁት ጥያቄ ጠፋብኝ። ከአፌ የወጣው ሌላው ነው።

"ሜሪዬ፣ እዚህ ደስ ብሎሻል?"

ነፋሱ አንሶላውን በመካከላችን ነፋው። ፊቷ አይታየኝም። ከአንሶላው ጀርባ ግን ሰማሁት፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ሲል።

ቆምኩ።

"በስልክም እንዲህ ነበር የምትመልሺልኝ?"

"እንዴት?"

"እንዲህ፣ በትንፋሽሽ።"

"እኔ እንጃ። መሰለኝ። ምን አለበት?"

"እኔ ጋ አይሰማም እኮ። ዝም ያልሽኝ ነበር የሚመስለኝ። በልተሻል ስልሽ፣ ሞቆሻል ስልሽ።"

አንሶላውን ዝቅ አደረገችው። "ሁልጊዜ?"

"ከገና ጀምሮ።"

"ማማ።" ፊቷ ልክ ሐሙስ በሩን በርግዳ ስትገባ እንደነበረው ሆነ። "ለዚህ ነው የመጣሽው?"

እኔ ሳልመልስ አብርሀት ከአግዳሚው፣ "ለሦስት ሰው መመለሻ ቆርጣ ነው የመጣችው!" አለች።

ሜሮን አልተቆጣችም። አንሶላውን ይዛ ወደኔ መጣችና ጫፉን እጄ ላይ አኖረች።

"ወንበሩ አለ፣ ይጠብቅሻል" አልኳት ቀስ ብዬ።

"የአውሮፕላኑ ነው የትምህርት ቤቱ?"

"ሁለቱም።"

"ናይ፣ ማማ" አለች። እምቢታ በትንፋሽ አይባልም፤ በሙሉ ድምፅ ነው የሚወጣው። "ዘንድሮ አልመጣም። ነርስነቱን ለአንቺ ብዬ ነው የጀመርኩት። የምመለስበት ቀን ሲመጣ ራሴ እነግርሻለሁ።"

አልከፋኝም ብዬ አልዋሽም። ግን ያንን ትንፋሽ ሰምቼዋለሁ። ሰው በአፉ እናቱን ለማስደሰት ብሎ ይዋሻል፤ እኔም ለእናቴ ዋሽቻለሁ። ያ ትንፋሽ ግን ሳታስበው ነው የወጣው። የቀሩትን አንሶላዎች አጣጠፍን።

እሑድ

ሜሮን መንገዱን እስከሚያቋርጠው በረዶ ድረስ ሸኘችን። ስትለየን ለአብርሀት የእግር ሹራቧን ተወችላት። ታች ሬዚ ጥቁር ዳቦ ጋግራ ጠብቃኛለች፤ ሦስት ጊዜ "ያለ ወተት" አለችኝ፣ ጣቷን እያነሣች። ሐኪሙም አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመው ነበር። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት በኩል አየኋቸው፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ትንፋሻቸውን ሳቡልን።

አውሮፕላኑ ላይ መካከለኛው ወንበር ባዶ ነበር። አስተናጋጇ የስም ዝርዝሩን አይታ፣ "ሦስተኛዋ የት ናቸው?" አለችን።

"ተራራ ላይ ናት። ደህና ናት" አለቻት አብርሀት።

ዳቦውን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ቀበቶውን አሰርኩለት። አብርሀት አየችኝና እጇን ዳቦው ላይ አኖረች።

አሁንም በየእሑዱ እደውላለሁ። "በልተሻል?" እላለሁ። መጀመሪያ የመስመሩ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ታስታውሰውና "አዎ!" ትለኛለች፤ እንደ ድሮው በትንፋሽ "ያ" ሳይሆን "አዎ"፣ ጮክ ብላ። "ሞቆሻል?" አዎ። "ደስ ብሎሻል?" አዎ። ጢማሙ ወጥ ሠሪ ቃሉን ለምዶት ከኋላዋ "አዎ፣ አዎ" እያለ ይደግማታል።

"ሜሮንስ?" ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ እሷ ያለችኝ ይህንን ነው።